ከባዮሜትሪኩ በፊት ያለው ወረቀት፦ የባሕረኞች መታወቂያ ሰነድ ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ሲታይ

አጠቃሎ

ባዮሜትሪክ የባሕረኛ መታወቂያ ሰነድ አንድን ባሕረኛ ከአንድ መዝገብ ጋር በአካሉ አማካይነት የሚያስተሳስር ሰነድ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ትስስሩ የቆመበትን መሠረት ይመረምራል። ማሳያ የተደረገው ከመካነ ሰላምና ከአካባቢዋ ተነሥቶ በንግድ መርከብ ላይ ለመቀጠር የሚያመለክት ወጣት ምሩቅ የሚያልፍበት የሰነድ ሰንሰለት ነው። የምርመራው ዘዴ ዓለም አቀፍ ስምምነቶችንና የኢትዮጵያን ሕጎች ማንበብና ማነጻጸር ነው። ጽሑፉ የሚደርስበት ድምዳሜ እንደሚያሳየው፣ ለእንዲህ ያለው አመልካች ዋናው ችግር ያለው አሻራውን ወይም ፊቱን በሚያነብበው መሣሪያ ላይ ሳይሆን ከመሣሪያው በፊት በተጻፉት የስም፣ የልደት ቀንና የትውልድ ቦታ መረጃዎች ላይ ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ ባሕረኛ፣ ባዮሜትሪክ፣ የልደት ምዝገባ፣ የስም አጻጻፍ፣ መካነ ሰላም

1. መግቢያ

መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ዞን የቦረና ወረዳ መቀመጫ ናት። ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ ያደርሳታል፤ በስተምዕራቧ የዓባይ ሸለቆ ከጎጃም ይለያታል። ከዚህ ደጋ ባሕር አይታይም። ይሁንና የባሕር ሥራ ለአካባቢው ወጣት እንግዳ ነገር አይደለም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የማሪታይም ማሠልጠኛ የመካኒካልና የኤሌክትሪካል ምህንድስና ምሩቃንን ለመርከብ መሐንዲስነት ሲያዘጋጅ ቆይቷል፤ ሠልጣኞቹም በውጭ አገር ኩባንያዎች መርከቦች ላይ በካዴትነት ጀምረው ወደ መኮንንነት ያድጋሉ። በቢሾፍቱም የባቦጋያ ማሪታይምና ሎጂስቲክስ አካዳሚ አለ። ለአንድ የገበሬ ልጅ ይህ መንገድ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ደመወዝ የሚገኝበት፣ ቤተሰብ የሚደገፍበት ነው።

መንገዱ ግን በሰነድ የታጠረ ነው። ቅጥር የሚፈጸመው መርከቡ በአንድ ወደብ በሚቆምባቸው ጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። በፓስፖርቱ፣ በሲማን ቡኩና በብቃት ማረጋገጫው ላይ ያሉት ስሞች ካልተስማሙ መርከቡ አይጠብቅም፤ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ስለዚህ የአንድ ፊደል ልዩነት የአንድ ዓመት ሥራ ሊያሳጣ ይችላል። ጽሑፉ የሚመለከተው ስምምነቶችን የማጽደቅን ሕጋዊ ጥያቄ ሳይሆን ሰነዶቹ የሚገነቡበትን መሠረት ነው።

2. የሰነዱ ታሪክና ይዘት

የባሕረኛ መታወቂያ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የመጀመሪያውን የባሕረኞች መታወቂያ ሰነዶች ስምምነት፣ ቁጥር 108ን፣ እ.ኤ.አ. በ1958 አወጣ። ዓላማው ባሕረኛው መርከቡ በቆመበት ወደብ ወደ የብስ እንዲወርድ ማስቻል ነበር። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2001 የኒውዮርክና የዋሽንግተን ጥቃት በኋላ መንግሥታት ወደ ወደባቸው የሚገባን ሰው ማንነት በጥብቅ ለማረጋገጥ ፈለጉ። በዚህም ምክንያት የተሻሻለው ስምምነት ቁጥር 185 እ.ኤ.አ. ሰኔ 2003 ጸድቆ፣ በየካቲት 2005 ሥራ ላይ ዋለ።

አዲሱ ስምምነት ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይዟል። በአንድ በኩል ሰነዱ ባዮሜትሪክ እንዲኖረው፣ አገሮች የተሰጡ ሰነዶችን በኤሌክትሮኒክ መዝገብ እንዲይዙ፣ የአሰጣጡም ሥርዓት ቢያንስ በየ5 ዓመቱ በገለልተኛ አካል እንዲገመገም ያዛል። በሌላ በኩል ለባሕረኛው መብት ይሰጣል። ሰነዱ ያለ አግባብ ሳይዘገይ ሊሰጠው፣ ማመልከቻው ውድቅ ከሆነም ይግባኝ ሊል ይገባል፤ ወደ የብስ ለመውረድ ቪዛ እንዳይጠየቅም ስምምነቱ ይደነግጋል። በዓይን የማይነበብ መረጃ በሰነዱ ላይ ካለ ባሕረኛው ያንን መረጃ በመሣሪያ አይቶ የሚያረጋግጥበት ምቹ ዕድል እንዲኖረውም ያዛል። ሰነዱ ራሱን የቻለ መታወቂያ እንጂ ፓስፖርት አለመሆኑ በላዩ ላይ ይጻፋል።

በመጀመሪያው አሠራር ባዮሜትሪኩ ከሁለት ጣቶች አሻራ የተወሰደ መረጃ ሆኖ በባለ ሁለት አቅጣጫ ባርኮድ ይታተም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ማሻሻያ ይህ ቀርቶ የፊት ምስል በቺፕ ውስጥ እንዲቀመጥ ተወሰነ፤ ማሻሻያው ከሰኔ 2017 ጀምሮ ይሠራበታል። በዚህም ሰነዱ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪየሽን ድርጅት ለፓስፖርት ካወጣው መስፈርት፣ ከሰነድ ቁጥር 9303፣ ጋር ተስማማ። ስምምነቱ የሚያስገድደው ያጸደቁትን አገሮች ብቻ ነው። አባል ያልሆነችው አሜሪካ ለምሳሌ የመርከብ ሠራተኛ ቪዛ ትጠይቃለች። ይሁንና የተጣጣመ ስም፣ የልደት ቀንና ፊት በሁሉም ወደብ የሚፈለግ የጋራ መለኪያ ሆኗል።

3. የሰነዱ ሰንሰለት በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የባሕረኞችን የብቃት ማረጋገጫና ሲማን ቡክ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ነው። መሥሪያ ቤቱ መነሻ ያደረገው የማሪታይም ዘርፍ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 549/1999ን ነው። አገሪቱ የራሷን የባሕር በር ካጣች በኋላም የመርከብ ድርጅቷንና ሰንደቅ ዓላማዋን የማውለብለብ መብቷን ጠብቃለች፤ ወደብ አልባ አገሮች በባሕር ላይ ሰንደቅ የማውለብለብ መብታቸው ከ1921 እ.ኤ.አ. የባርሴሎና መግለጫ ጀምሮ የታወቀ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2017 የኢትዮጵያን የባሕረኞች ሥልጠናና የምስክር ወረቀት ሥርዓት ዕውቅና ሰጥቷል።

እንግዲህ በቦረና ወረዳ ገጠር ቀበሌ የተወለደ አንድ የምህንድስና ምሩቅ ይታሰብ። ከባሕረኛ ሰነድ በፊት ፓስፖርት፣ ከፓስፖርት በፊት የልደት ምስክር ወረቀትና የቀበሌ ወይም የፋይዳ መታወቂያ ያስፈልገዋል። በጎን ደግሞ የ12ኛ ክፍል ውጤቱ፣ ዲግሪው፣ የሥልጠናና የሕክምና ማረጋገጫው አሉ። እያንዳንዱ ሰነድ ከቀደመው ሰነድ ስምንና ቀንን ይቀዳል። ሰንሰለቱ ጠንካራ የሚመስለው እርስ በርሱ ስለተያያዘ ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ቀለበት ከተሳሳተ ስሕተቱ እስከ መጨረሻው ይወርዳል።

የመጀመሪያው ቀለበት የቱ ነው? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ፣ ማለትም ስለ ልደት፣ ጋብቻና ሞት ምዝገባ፣ ዝርዝር ድንጋጌ ነበረው። ሆኖም የዚያው ሕግ አንቀጽ 3361 ድንጋጌው ወደፊት በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ እስኪታወጅ ድረስ ተፈጻሚ እንዳይሆን አገደው። ያ ትእዛዝ ሳይወጣ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። አዋጅ ቁጥር 760/2004 አዲስ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሥርዓት ዘረጋ፤ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ግን በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነበር። አዋጁ ልደት በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ይጠይቃል።

ከዚህ አንድ ቀላል ነገር ግን ብዙ ጊዜ የማይስተዋል ድምዳሜ ይወጣል። በ2008 ዓ.ም. የተወለዱት ገና ልጆች ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ለባሕር ሥራ ዕድሜያቸው የደረሰ ኢትዮጵያውያን ሁሉ የተወለዱት ይህ ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ነው። በእጃቸው ያለው የልደት ምስክር ወረቀት በተወለዱበት ሰሞን የተጻፈ ሳይሆን ከዓመታት በኋላ በወላጅ ቃል፣ በምስክርና በትምህርት ቤት ማስረጃ የተሞላ ነው። የገጠር እናት ልጇ በየትኛው በዓል ሰሞን እንደተወለደ ታስታውስ ይሆናል፤ ቅጹ ግን ቀን፣ ወርና ዓመት ይፈልጋል።

4. ስም፣ ቀንና ቦታ

4.1 ስም

በኢትዮጵያ ልማድ ሰው በራሱ ስም ይጠራል፤ የአባትና የአያት ስም ይከተላሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 32 ለእያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ቢደነግግም ሕዝቡ አልተቀበለውም። ዓለም አቀፍ ቅጾች ግን የቤተሰብ ስምና የግል ስም በተለያዩ ሳጥኖች እንዲሞሉ ይጠይቃሉ። አንዱ ሰነድ የአያትን ስም፣ ሌላው የአባትን ስም በቤተሰብ ስም ሳጥን ሲያስገባ፣ ወደብ ላይ ያለው ተቆጣጣሪ ወይም ኮምፒውተር አንዱን ሰው እንደ ሁለት ሰው ያየዋል።

ሁለተኛው ችግር ፊደል ነው። በማሽን የሚነበበው የሰነድ ክፍል የሚቀበለው ምልክት አልባ የላቲን ፊደላትን ብቻ ነው። ብርሃኑ የሚለው ስም ቢርሃኑ፣ ቤርሃኑ ወይም ያለ አናባቢ ብርሃኑ ተብለው በሚነበቡ ሦስት የላቲን አጻጻፎች ሊጻፍ ይችላል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተቀላቅሎ በሚኖርበት በዚህ አካባቢ መሐመድ፣ ሙሐመድና ሞሐመድ፣ ሰይድና ሰዒድ፣ የሱፍና ዩሱፍ በየሰነዱ ይፈራረቃሉ። ገብረ ሥላሴ አንዳንዴ አንድ ቃል፣ አንዳንዴ ሁለት ቃል ይሆናል፤ ሁለት ቃል ሲሆን ገብረ የልጁ፣ ሥላሴ የአባቱ ስም ተደርጎ የመወሰድ አደጋ አለው። በግዕዙ ፊደልም ቢሆን ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ ጸ እና ፀ የመለዋወጥ ልማድ አለ። እነዚህን ምርጫዎች የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ባለስሙ አይደለም። አንዱን የትምህርት ቤት መዝገብ ያዥ፣ ሌላውን የፓስፖርት መረጃ አስገቢ ይወስነዋል።

4.2 ቀን

የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ከጎርጎርዮሳዊው በ7 ወይም በ8 ዓመት እንደሚለይ ሁሉም ያውቃል። የቀኑ ልዩነት ቋሚ አለመሆኑ ግን ይዘነጋል። ጥር 11 ቀን 1990 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 1998 ነው። ጥር 11 ቀን 1992 ዓ.ም. ግን ጃንዋሪ 20 ቀን 2000 ይሆናል፤ ምክንያቱም በፊቱ የነበረው ዓመት ጳጉሜን 6 የዋለበት ነው። ሠንጠረዥ በቃሉ የያዘ ጸሐፊ የ1 ቀን ስሕተት ይሠራል። ዓመቱን ብቻ ቀንሶ ወሩንና ቀኑን እንዳለ የሚገለብጥ ደግሞ የወራት ስሕተት ይሠራል። ሁለቱም ስሕተቶች በቺፕ ውስጥ ሲቀመጡ እኩል እርግጠኛ መስለው ይታያሉ።

4.3 ቦታ

የትውልድ ቦታ በስምምነቱ ከሚፈለጉት መረጃዎች አንዱ ነው። የደቡብ ወሎው ቦረና በኦሮሚያ ክልል ደቡብ ካለው ቦረና ዞን ጋር በስም አንድ ነው። ወረዳውን ብቻ የሚጽፍ ሰነድና ከተማዋን የሚጽፍ ሰነድ ጎን ለጎን ሲቀርቡ፣ አገሩን ለማያውቅ ሰው ሁለቱ በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚራራቁ ቦታዎች ይመስሉታል። ከተማዋ ራሷ መካነ ሰላምና መካነሰላም ተብላ በሁለት መልክ ትጻፋለች።

5. ባዮሜትሪክ የሚያረጋግጠውና የማያረጋግጠው

የባዮሜትሪክ ሥርዓት ሁለት ጥያቄዎችን ይመልሳል። የመጀመሪያው፦ ሰነዱን የያዘው ሰው ሰነዱ የተሰጠው ሰው ነውን? ሁለተኛው፦ ይህ ሰው በሌላ ስም ከዚህ በፊት ተመዝግቧልን? ሁለቱም አስፈላጊ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሰነድ መስረቅንና ማከራየትን ያስቸግራሉ። ሦስተኛውን ጥያቄ፣ ማለትም የተጻፈው ስምና ቀን ትክክል ነውን የሚለውን፣ ግን አይመልስም። ፊት ስምን አይናገርም፤ አሻራም የልደት ቀን የለውም።

እንዲያውም ባዮሜትሪክ ስሕተትን ያጸናል። በወረቀት ዘመን የተዛባ ስም በአዲስ ወረቀት ይተካ ነበር። አንድ ጊዜ ከፊትና ከአሻራ ጋር የተቆራኘ ስም ግን ሲለወጥ እንደ ማጭበርበር ሙከራ ይጠረጠራል። ጥርጣሬውን ለማስወገድ ባለጉዳዩ ሁለቱም ስሞች የእሱ መሆናቸውን የሚያረጋግጥ የፍርድ ቤት ውሳኔ ፍለጋ ወደ ትውልድ ወረዳው ይመለሳል።

የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ በዚህ መካከል ልዩ ቦታ አለው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው ይህ ሥርዓት የ10 ጣቶች አሻራ፣ የሁለት ዓይኖች አይሪስና የፊት ምስል ይወስዳል፤ ስምን በአማርኛና በላቲን ፊደል ይመዘግባል። በ2017 ዓ.ም. ባለ ቺፕ ፓስፖርት መሰጠት ሲጀመር የባሕረኛው ሰነዶች ሁሉ ወደ አንድ ዲጂታል መሠረት የመቅረብ ዕድል አገኙ። የፋይዳ ምዝገባ ለብዙ የገጠር ወጣት ስሙ በላቲን ፊደል በመንግሥት መዝገብ የሚጸናበት ወሳኝ ወቅት ነው። በዚያች ደቂቃ ምሩቁ ዲግሪውን ይዞ ቀርቦ አጻጻፉን ካስተካከለ ሰንሰለቱ ይቃናል፤ ካላስተካከለ በአንድ አገር ሁለት አጻጻፍ ያለው ሰው ሆኖ ይቀራል።

6. ርቀትና ጸጥታ

ስሕተትን ማረም ለአዲስ አበባ ነዋሪና ለመካነ ሰላም ነዋሪ እኩል ዋጋ የለውም። የማሪታይም ባለሥልጣኑ ዋና መሥሪያ ቤት በአዲስ አበባ ነው። ከምዕራብ ደቡብ ወሎ የሚነሣ አመልካች ወደ ደሴ፣ ከዚያም ወደ ርዕሰ ከተማዋ መጓዝ፣ ማረፊያ መከራየትና ወረፋ መጠበቅ አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የዘለቀው ግጭት መንገድንና ኢንተርኔትን በየጊዜው አቋርጧል። መንገድ በተዘጋበት ሳምንት የተጠራ ካዴት ምንም ሕግ ሳይጥስ ዕድሉን ያጣል። ባሕረኛው በዓይን የማይነበበውን መረጃ አይቶ የማረጋገጥ መብት ያለው ቢሆንም፣ መሣሪያው ከቤቱ የሁለት ቀን ጉዞ ከራቀ መብቱ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

የሕንድ ተሞክሮ እዚህ ላይ ትምህርት ይሰጣል። ሕንድ ስምምነት ቁጥር 185ን እ.ኤ.አ. በ2015 አጽድቃ፣ በ2020 በፊት ምስል ላይ የተመሠረተ የባሕረኞች መታወቂያ መስጠት ስትጀምር የመረጃ መሰብሰቢያ ማዕከላትን በ9 ከተሞች አቋቁማለች። አብዛኞቹ የወደብ ከተሞች ሲሆኑ ከባሕር የራቀችው ኖይዳም ተጨምራለች። ይህም ከባሕር የራቀው አመልካች ታስቦበት እንደነበር ያሳያል። ወደብ ለሌላት ኢትዮጵያ ባሕረኛው ሁሉ ከየብስ የሚነሣ በመሆኑ ጉዳዩ ይበልጥ ይመለከታታል።

7. የመፍትሔ አቅጣጫዎች

ከላይ ከቀረበው ትንታኔ አራት አቅጣጫዎች ይመነጫሉ።

አንደኛ፣ ማጣራቱ ከባሕር ሥልጠና በፊት ይጀመር። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ፣ በመካነ ሰላምና በቱሉ አውሊያ ግቢ ያላቸው ተቋማት ዲግሪ ከማተማቸው በፊት የተመራቂውን የላቲን አጻጻፍ ከፋይዳው ጋር ቢያመሳክሩና ተመራቂው ፈርሞ እንዲያጸድቅ ቢያደርጉ፣ ኋላ በፍርድ ቤት የሚታየው ክርክር በአንድ ገጽ ቅጽ ያልቃል።

ሁለተኛ፣ የማሪታይም ሰነድ ስምን ከአዲስ ጽሑፍ ሳይሆን ከፋይዳ መዝገብ በቀጥታ ይውሰድ። እያንዳንዱ አዲስ ጽሑፍ አዲስ የስሕተት በር ነው።

ሦስተኛ፣ ለስም አጻጻፍ ልዩነት ቀላል የአስተዳደር ማረሚያ ይኑር። ልዩነቱ የድምፅ ሳይሆን የላቲን አናባቢ ብቻ ሲሆንና ባዮሜትሪኩ አንድ ሰው መሆኑን ሲያረጋግጥ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ አይኖርበትም። ባዮሜትሪክ ለባለጉዳዩ የሚሟገትበት ቦታ ይህ ነው፤ ፊቱ የአንድነቱ ምስክር ይሆንለታል።

አራተኛ፣ ማመልከቻ መቀበልና የተመዘገበውን መረጃ ማሳየት በደሴ ወይም በባሕር ዳር በሚገኝ የጋራ የአገልግሎት መስኮት ይፈጸም። ሰነዱን የማተሙ ሥራ በማዕከል ቢቀር እንኳ መረጃውን የማየትና የማረም መብት ወደ ባለቤቱ መቅረብ አለበት።

8. ማጠቃለያ

ዓለም አቀፉ ሥርዓት ከአሻራ ወደ ፊት፣ ከባርኮድ ወደ ቺፕ በ15 ዓመት ገደማ ተሸጋግሯል። በኢትዮጵያ ደጋ ደግሞ የልደት ምዝገባ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ታግዶ ቆይቶ ከተጀመረ ገና ጥቂት ዓመታት ናቸው። ከመካነ ሰላም ወደ መርከብ የሚሄደው ምሩቅ የቆመው በእነዚህ ሁለት ፍጥነቶች መካከል ነው። ፊቱን ማሽኑ በሰከንድ ይለየዋል፤ ስሙን ግን በቀበሌ መዝገብ፣ በትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ የጻፉለት ሰዎች ናቸው። የባሕረኛው ሰነድ እንዲታመን ከተፈለገ የመጀመሪያው ጥንቃቄ ለካሜራው ሳይሆን ካሜራው ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ለምትሞላው አንዲት መስመር ይሁን። ሌላው ሁሉ የሚቀዳው ከእርሷ ነውና።